ከ‹አመሰግናለው› ወደ ‹አመሰግናለሁ›፦ አማርኛን በስልክ ሳያበላሹ መጻፊያ

አንድ ቀን በሥራ ቡድናችን የመልእክት መስመር ላይ «ኃላፊው መቷል፣ ቶሎ ኑ» የሚል ጽሑፍ ተለቀቀ። አንዱ ወዲያው «ማንን?» ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ «የተጎዳ ሰው አለ ወይ?» አለች። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «መጥቷል» ነበር። ኃላፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጀርባው «ቦክሰኛው» ይባላል፤ እስካሁን ምክንያቱን የነገረው የለም።

ስለ አማርኛ አጻጻፍ መበላሸት የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ እሮሮ ነው። ወጣቱ ቋንቋውን ገደለው፣ ስልክ ፊደሉን አጠፋው ይባላል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ድሮ ሰው ይህን ያህል አይጽፍም ነበር፤ የሚጽፈውም በአራሚ እጅ አልፎ ነበር የሚወጣው። ዛሬ ሁሉም በቀን ሃምሳ ጊዜ ይጽፋል፣ በመካከል አራሚ የለም። ስለዚህ የአራሚውን ሥራ ራሳችን መውሰድ አለብን። ሥራው ደግሞ ከሚመስለው ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቶቹ ብዙ ቢመስሉም የሚደጋገሙት ጥቂቶች ናቸው። ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ትርጉም የሚቀይረውን፣ ቀጥሎ ጽሑፉ ሲፈለግ እንዳይገኝ የሚያደርገውን፣ በመጨረሻ መልክ ብቻ የሚያበላሸውን።

1. የት እንደምትጠነቀቁ ወስኑ

ከጓደኛ ጋር የምትለዋወጡትን ቀልድ አትረሙ። «እሺ መጣው» ብሎ የጻፈላችሁን ሰው የሚጠብቀው ወንበር እንጂ ፈተና አይደለም። ጥንቃቄ የሚያሻው ለማታውቁት ሰው የሚደርስ፣ ከነገ በኋላም የሚነበብ ወይም ገንዘብና ቀጠሮ ያለበት ጽሑፍ ነው፤ ማስታወቂያ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ለደንበኛ የሚላክ መልስ፣ ብዙ ሰው የሚያየው ገጽ። ሁሉንም ላስተካክል ያለ በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል።

2. ፊደሉን ስልካችሁ ላይ አምጡ

አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የመጣው ከስንፍና ብቻ አይደለም። መደበኛ የስልክ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተከፍሎ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። በዚያ ላይ የድሮዎቹ ስልኮች ፊደሉን ጨርሶ አያውቁትም ነበር፤ የተላከው ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይደርስ ነበር። ሰዉ ልማዱን ያዘ፤ ምክንያቱ ሲጠፋ ልማዱ ቀረ።

(ለነገሩ 70 ያን ያህል ጠባብ አይደለም። ላቲኑ ተናባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ሲጽፍ የእኛ ፊደል ሁለቱንም በአንድ ቤት ያሳድራቸዋል። «ሰላም» በፊደል ሦስት፣ በላቲን አምስት ነው።)

የላቲኑ ትልቁ ችግር ‹ተ›ና ‹ጠ›፣ ‹ከ›ና ‹ቀ›፣ ‹ቸ›ና ‹ጨ› በብዙ ሰው አጻጻፍ አንድ መሆናቸው ነው። «ልጁ መጣ» እና «ልጁ መታ» አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። «ቀዳ» ብላችሁ የጻፋችሁት በሰላም ሲነበብ ቡና የቀዳ ሰው ነው፣ «ከዳ» ተብሎ ቢነበብ ግን ጠብ ነው። ስለዚህ በስልካችሁ የቋንቋ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ጨምሩ። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ቁልፍ ሰሌዳ አማርኛ አለው። የመጀመሪያው ሳምንት ይንቀራፈፋል፤ በሁለተኛው ጣት መንገዱን ይለምዳል።

ኮምፒውተር ላይ የምትጽፉ አንድ ተጨማሪ ነገር አስተውሉ። የግዕዝ ፊደል ማሽኖች በሚጋሩት ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል። አሁንም በዚያ መንገድ የምትጽፉ ካላችሁ ተዉት።

3. ጆሮ የሚያሳስታቸውን ቃላት ለዩ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። አብዛኛው የስልክ ስሕተት የሚመጣው እንደሰማን ከመጻፍ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ሁል ጊዜ ታማኝ አይደለም።

«አመሰግናለው» የሁሉም አለቃ ነው። ስንናገር መጨረሻዋ ‹ለው› ትመስላለች። ማረጋገጫው ቀላል ነው። «አለህ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሳችሁ «አለሁ» ነው። «አለው» ካላችሁ የሌላ ሰው ንብረት እየነገራችሁ ነው። «እመጣለሁ» ማለት «እመጣ» እና «አለሁ» ሲገናኙ ነውና መጨረሻው ‹ሁ› ይሆናል። እበላለሁ፣ ደውዬያለሁ፣ እወድሻለሁ፤ ሁሉም በዚሁ ይሄዳሉ። «ሰጥቼዋለሁ» ላይ ‹ዋ› የምትነግራችሁ ለማን እንደሰጣችሁ ነው፣ ‹ሁ› ደግሞ ሰጪው እናንተ መሆናችሁን።

ከዚያ የኃላፊው ታሪክ። ‹ጥ› እና ‹ት› ጎን ለጎን ሲመጡ ጆሮ ‹ት›ን ብቻ ይሰማል። በዚህ የተነሣ «መጥቶ» ወደ «መቶ»፣ «ወጥቶ» ወደ «ወቶ»፣ «ሰጥቶ» ወደ «ሰቶ» ይቀየራል። «መቶ» ብቻውን ሲቆም ቁጥር ነው፤ «መቷል» ደግሞ «መጥቷል»ም «መትቷል»ም ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ግሡን ወደ ሥሩ መመለስ ነው። መጣ ካልን ‹ጠ› አለ፤ ስለዚህ ‹ጥ› አይጠፋም። «አድርጎ» ወደ «አርጎ» የሚወርደውም በዚሁ መንገድ ነው፤ አደረገ ውስጥ ‹ደ› አለ።

‹ው› እና ‹ዉ›። በ‹ወ› ረድፍ ‹ዉ› ሁለተኛ፣ ‹ው› ስድስተኛ ስለሆነ ጣት ቀድማ የምታገኘው ‹ዉ›ን ነው። «ነዉ»፣ «ዉስጥ»፣ «ዉጤት» የሚበዙት ለዚህ ይመስለኛል። «ነው»፣ «ውስጥ»፣ «ውጤት» ሁሉም በስድስተኛው ናቸው። ሁለተኛው ቤት የራሱ ሥራ አለው፤ ለአንድ ወንድ «ተው» ትላላችሁ፣ ለብዙዎች «ተዉ»። «ሰው መጣ» ካላችሁ ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ሰው ነው፤ «ሰዉ መጣ» ካላችሁ የምታውቁት ሕዝብ ነው። ሁለቱን ካደባለቃችሁ ይህ ልዩነት ይጠፋል።

‹የ›ን አትብሉ። «ሚያምር ቤት»፣ «ምትፈልጉ ደውሉ» የሚለው አጻጻፍ በማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ነግሧል። «የሚያምር»፣ «የምትፈልጉ» ነው። ‹የ› በሕጋዊ መንገድ የምትወድቀው ሌላ መነሻ ሲቀድማት ብቻ ነው፦ ለሚመጣ፣ በሚሸጥበት፣ ከሚከፈለው።

‹ዎ› የአክብሮት ምልክት ናት። «ስልኮን ይተዉልን»፣ «ሐሳቦን ያካፍሉን»፣ «እባኮን» የሚሉ መልእክቶች ደንበኛን ለማክበር ተነሥተው መሐል መንገድ ላይ አክብሮቱን ይጥሉታል። ስልክዎን፣ ሐሳብዎን፣ እባክዎን። «እርሶ» ሳይሆን «እርስዎ»። ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ቢያንስ እነዚህን አራቱን በቃሉ ይያዝ እላለሁ።

«ጋ» እና «ጋር» ይለያያሉ። «መጽሐፉ እኔ ጋ ነው» ማለት በእኔ እጅ ይገኛል ማለት ነው፤ «ከእኔ ጋር ሄደ» ማለት አብረን ሄድን። «ከእሱ ጋ ተነጋገርኩ» እና «እሱ ጋር ተቀምጧል» የሚሉት ሁለቱን ገልብጠዋቸዋል።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። ‹ቋ›፣ ‹ጓ›፣ ‹ኳ›፣ ‹ሟ›፣ ‹ቷ› በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ «ቁዋንቁዋ» እና «ጉዋደኛ» ፊደሉን ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ላጣ ሰው የሚሆኑ ነበሩ፣ አሁን ግን ፊደሉ እዚያው አለ፣ ‹ቀ›ን ወይም ‹ገ›ን ይዛችሁ ፈልጉት። «ምን አልባት» አንድ ቃል ነው፣ «ምናልባት»። «አደለም» ሳይሆን «አይደለም»። «ግዜ» ሳይሆን «ጊዜ»። «ሰወች» ሳይሆን «ሰዎች»።

4. የበዛውን አታብዙ

መምህራን ብዙ ናቸው። «መምህራኖች» ሲባሉ ሁለት ጊዜ ተቆጠሩ። ሕፃናት፣ ቃላት፣ መጻሕፍት፣ እንስሳት ከግዕዝ ብዛታቸውን ይዘው የመጡ ቃላት ናቸውና ‹ኦች› አይጨመርባቸውም። የግዕዙ ከከበዳችሁ የአማርኛውን ተጠቀሙ፤ «መምህሮች»፣ «ሕፃኖች»፣ «መጽሐፎች» ምንም ነውር የለባቸውም። ከሁለቱ አንዱን ነው።

5. ከሞክሼ ፊደላት ጋር ስምምነት አድርጉ

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። በግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ ‹ሐ›ን እና ‹ዐ›ን ዛሬም በጉሮሮ ለይቶ ያሰማል፤ አማርኛ ግን ድምፁን ጥሎ ፊደሉን አስቀረ። ስለዚህ እዚህ ጋ ጆሮ ምንም አይረዳም፤ የሚረዳው ማስታወስ ብቻ ነው።

«አንዱ ይበቃል፣ የቀሩት ይቀነሱ» የሚሉ አሉ፤ «ሥሩ ይጠበቅ» የሚሉም አሉ። ክርክሩ ያረጀ ነው፣ በስልካችን ላይም አንፈታውም። ሁለቱም ወገኖች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ ብዬ እገምታለሁ፦ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ሥራ»፣ «ስራ» እና «ሰራተኛ»ን ቀላቅሎ የጻፈ ሰው የማንም ደጋፊ አይደለም።

የመቀላቀል ጉዳቱ በፍለጋ ላይ ይታያል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ አለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። አንዱን ቃል በ12 መልክ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው። «ሰዓት» 8 መልክ አላት። ብዙ የፍለጋ ሣጥኖች የሚያነጻጽሩት ፊደሉን እንዳለ ነው፤ ባለፈው ዓመት በ«ሰአት» የጻፋችሁትን ማስታወሻ ዘንድሮ በ«ሰዓት» ብትፈልጉ «የለም» ይላችኋል። የጻፋችሁት እናንተ፣ ያጣችሁትም እናንተ።

ትርጉም የሚለዩባቸው ቦታዎችም አሉ። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ «ሰአሊ» በግዕዝ ለማኝ ነው። «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣች ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። «ምሁር» ከማስተማር፣ «ምሕረት» ከይቅርታ የመጡ ናቸው። ከሁሉም የሚያስደነግጠኝ ግን «ድኅነት» እና «ድህነት» ነው፤ የመጀመሪያው መዳን፣ ሁለተኛው ማጣት። በመልካም ምኞት መልእክት ላይ «ድህነትን ያድለን» ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። አሜን ለማለት ተቸግሬ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዘውትራችሁ የምትጽፏቸውን ሃያ ያህል ቃላት በማስታወሻ ላይ ዘርዝሩ፤ ሥራ፣ ሕግ፣ ሕዝብ፣ ሐሳብ፣ ኃይል፣ ኃላፊ፣ ዓለም፣ ዓመት፣ ሰዓት፣ ጽሑፍ፣ ሥርዓት፣ ማኅበር፣ መልእክት፣ ድምፅ የመሳሰሉትን። ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከነቤተሰቡ ያዙት። «ሠራ» በ‹ሠ› መሆኑን ካወቃችሁ ሥራ፣ ሠራተኛና መሥሪያ ቤት አብረው ይመጣሉ። «ጻፈ» በ‹ጸ› ከሆነ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍና አጻጻፍም እንደዚያው ናቸው። ሃያ ሥር ያወቀ ሰው ከመቶ በላይ ቃል ዐወቀ ማለት ነው።

ስትጠራጠሩ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ከመምህሩ ሞት በኋላ ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የእሳቸው የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ወጣ። አዲስ ገቢ የሚደናገርበትን ልንገራችሁ፦ ሁለቱም የተደረደሩት በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ነው። በ‹ሀ› የሚጀምር ቃል ከፊት ፈልጋችሁ ካጣችሁት መጽሐፉ ጎድሎ አይደለም።

የሰው ስም ከዚህ ሁሉ ሕግ ነፃ ነው። ባለቤቱ ‹ሀይሉ› ብሎ ከጻፈ ‹ሀይሉ› ነው፤ መታወቂያውን አታርሙለት።

6. ነጥብ

አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው፦ ። ሁለት ሁለት ነጥቦችን አጣብቆ (፡፡) ወይም የላቲኑን (::) ደግሞ መጻፍ ለዐይን አንድ ይመስላል፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ መስመር ሲያልቅ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከታች ሊያድሩ ይችላሉ። ምልክቱ ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፣ ክፍት ቦታ ከኋላው ይመጣል። ‹፣› ለአጭር ዕረፍት፣ ‹፤› ረዘም ላለ።

የጥያቄ ምልክትን ግን አትዝለሉ። በአማርኛ ጥያቄና ዜና አብዛኛውን ጊዜ የቃል ቅደም ተከተላቸው አንድ ነው። «ገንዘቡ ገባ» ብላችሁ የላካችሁለት ሰው ዕቃውን ሊለቅ ይችላል፤ እናንተ ግን «ገንዘቡ ገባ?» ለማለት ነበር። በንግግር ላይ የድምፅ ቃና የሚሠራውን ሥራ በጽሑፍ ላይ ያቺ አንዲት ምልክት ብቻዋን ትሸከመዋለች።

7. የማይጻፈውን መጥበቅና መላላት አስቡበት

ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ በመልኩ አይለይም። ስለዚህ ምንም ስሕተት ሳትሠሩ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። «ቢሮ አለ» ሲጠብቅ ሰውዬው ቢሮ ውስጥ ይገኛል፣ ሲላላ ደግሞ ‹ቢሮ› ብሎ ተናገረ ነው። «ይሰማል» ሲላላ ጆሮ አለው፣ ሲጠብቅ ድምፁ ይደርሳል። «ዋና»፣ «ገና»፣ «ሽፍታ» ሁሉም እንደዚሁ ሁለት ሁለት ፊት አላቸው። ፊደል በመቀየር አይፈታም፤ ቃል ጨምሩ። «ቢሮ ውስጥ ነው» ወይም «ቢሮ ነኝ ብሏል» በሉ። ይህን ለመያዝ ጽሑፋችሁን ሆን ብላችሁ በተቃራኒው አንብቡት፤ የሚጠብቀውን አላሉት፣ የሚላላውን አጥብቁት። ሌላ ትርጉም ከወጣው አንባቢያችሁም ያገኘዋል።

8. ቁልፍ ሰሌዳውን ከስሕተታችሁ አፋቱት

ስልክ የምትጽፉትን ይማራል። «አመሰግናለው» ሃያ ጊዜ ከጻፋችሁ በሃያ አንደኛው ራሱ ያቀርብላችኋል፤ እናንተም ስልኩ ያለው ልክ ነው ብላችሁ ትነኩታላችሁ። በጂቦርድ ላይ የተሳሳተው ቃል በጥቆማ መስመሩ ላይ ሲመጣ ጫን ብላችሁ ያዙትና ወደሚታየው የቆሻሻ ቅርጫት ጎትቱት። ከዚያ በማስተካከያው ውስጥ ባለው የግል መዝገበ ቃላት ላይ ትክክለኛውን ከአጭር መጥሪያ ጋር መዝግቡ፤ ለምሳሌ ‹አመ› ስትሉ «አመሰግናለሁ»፣ ‹እባ› ስትሉ «እባክዎን» እንዲመጣ። አይፎን ላይ ይህ ሥራ ቴክስት ሪፕሌስመንት በሚባለው ቦታ ይሠራል። በአንድ ቁጭታ አሥራ አምስት ቃል ብታስገቡ ትልቁ ሸክም ይወርዳል።

9. ከመላክ በፊትና በኋላ

አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ስንፈጥን ዐይናችን የሚያነበው ያሰብነውን እንጂ የጻፍነውን አይደለም። ስምን፣ ቁጥርን፣ ቀንን ለብቻ ተመልከቱ። ካመለጣችሁ ዋትስአፕ ለ15 ደቂቃ፣ ቴሌግራም በግልና በቡድን ለተላከ መልእክት ለ48 ሰዓት እንድታርሙ ይፈቅዳሉ። ሰዓቱ ካለፈ አዲስ መልእክት ላይ ትክክለኛውን ቃል ብቻ ጻፉ፤ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም።

10. የሌላውን ስታርሙ

በግል ጻፉለት፤ ብዙ ሰው ፊት አይደለም። ትርጉም ከተቀየረ ወይም ጽሑፉ ማስታወቂያ ከሆነ ብቻ ንገሩት። በክርክር መሐል ግን ፈጽሞ አታርሙ። ሐሳቡን መመለስ ያቃተው ሰው ፊደሉን ሲለቅም ያስታውቃል፤ ደግሞም የሰው ስሕተት ለማረም በጻፋችሁት መስመር ላይ የራሳችሁ ስሕተት እንደሚቀመጥ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ። «ትክክለኛው አፃፃፍ እንዲህ ነው» ብዬ አንድን ልጅ ያረምኩ ዕለት፣ ልጁ የመለሰልኝ «አጻጻፍ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

እናንተን የሚያርም ሰው ሲመጣ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ መልሱለት። በ‹ሁ›።